በባሕረ ሐሳብ የገዛሁት ቅቤ

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ቢንያም ምሳ ሊበላ መጥቶ፣ ሽሮው ሳይቀርብ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። አረንጓዴ መስመር ነው፤ ከታች ተነሥቶ እንደ ሊማሊሞ መንገድ እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይወጣል። የገዛው አክሲዮን ነው አሉ። ካቻምና ገዛ፣ ዋጋው ወጣ። አምና ጨመረበት፣ ያም ወጣ። «አባባ፣ አሁን ገበያው እንዴት እንደሚሄድ ገብቶኛል» አለኝ። የእኅቱ ባል ለቤት መሥሪያ ያጠራቀመውን ገንዘብ «አንተ ታውቅበታለህ» ብሎ ሊሰጠው መሆኑንም በኩራት ነገረኝ።

መነጽሬን አድርጌ አየሁ። ያየሁት ግን መስመሩን ሳይሆን የልጁን ፊት ነበር። ያን ፊት አውቀዋለሁ። እኔ ራሴ ጎንደር ከተማ ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ ለብሼው ዞሬያለሁ፤ ያውም ከቀጭን ጢም ጋር።

ጃንሆይ በዙፋናቸው ያሉበት፣ ጣልያንም ከወጣ ሃያ ምናምን ዓመት የሆነው ጊዜ ነበር። እኔ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነኝ። ከዚያ በፊት ቁስቋም የኔታ ዘንድ ተቀምጬ ዜማ ሞከርሁ፤ ድምፄን የሰሙ ሁሉ አዘኑልኝ። ቅኔ ሞከርሁ፤ የኔታ አዘኑ። አንድ ነገር ብቻ እንደ ውኃ ገባኝ፤ ባሕረ ሐሳብ። ጾም መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካ በስንት እንደሚውል የሚወጣበት ቁጥር ማለት ነው። ወንበር፣ አበቅቴ፣ መጥቅዕ የሚባሉትን ቁጥሮች በጣቶቼ አንጓ እየቆጠርሁ የመጪውን አምስት ዓመት ፋሲካ እዚያው ቆሜ እነግርሃለሁ። ሰው ባይጠይቀኝም እነግረው ነበር።

ከትምህርቱ ወጥቼ ቅዳሜ ገበያ ጥግ ትንሽ ሱቅ ከፈትሁ። ጨው፣ ሳሙና፣ ላምባና መርፌ እሸጣለሁ። በዐቢይ ጾም ገበያው ሁሉ ሱፍ ሱፍ፣ ተልባ ተልባ ይሸታል። ቅቤ ሻጮቹ ብቻ አንድ ጥግ ይዘው፣ በኮባ ቅጠል የጠቀለሉትን ቅቤ ፊት ለፊታቸው ደርድረው፣ ዝንብ እሽ ሲሉ ይውላሉ። የሚበላው የለም። ጠጉሯን የምትቀባ ሴት ካልመጣች ደንበኛቸው ዝንቡ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት አንዲት የጭልጋ ሴት ጨውና ሳሙና ወሰደችና በሳንቲም ፋንታ አንድ ቅል ቅቤ ትታልኝ ሄደች። እምቢ ለማለት ፊት አጣሁ። ይህን ያዩ ሌሎች ሴቶችም ቅቤያቸውን ይዘው መጡ። ጾሙ ሲጋመስ አንድ እንስራ ሙሉ ቅቤ ታቅፌ ቀረሁ። ሳሙናዬ ሳይቀር ቅቤ ቅቤ ሸተተ። ከዚያ በጭልጋ የከብት በሽታ ገባና ገበያዎቹ ተዘጉ፤ ከጭልጋ ከተማ ከአይከል የሚወርደው ቅቤ ቆመ። ሆሣዕና ሲደርስ ጎንደር ውስጥ ቅቤ በመብራት ይፈለግ ጀመር። እኔም ያን የተናቀ እንስራ በሦስት እጥፍ ሸጥሁት።

ሰው ሲያተርፍ ምክንያት ይፈልጋል። እኔም ቁጭ ብዬ ፈለግሁ፤ አገኘሁም። በዚያ ዓመት ፋሲካ ዘግይቶ ነበር የዋለው። ፋሲካ ከዘገየ በጋው ይረዝማል፤ በጋው ከረዘመ ሣሩ ያልቃል፤ ሣሩ ካለቀ ላሟ ትነጥፋለች፤ ቅቤ ይወደዳል። ይኸው፣ ከነመጥቅዑ ከነአበቅቴው ወጣልኝ። የከብቱን በሽታ አላስገባሁትም። ባሕረ ሐሳብ ውስጥ ለከብት በሽታ የተተወ ቦታ የለም።

በሁለተኛው ዓመት ፋሲካ ቀድሞ ዋለ። በእኔ አቆጣጠር ቅቤ መርከስ ነበረበት። እኔ ግን መግዛት አምሮኝ ነበርና ሐሳቡን አሻሻልሁት፤ ጾሙ ቀድሞ ከገባ ባላገሩ ሳይዘጋጅ ፋሲካ ይደርስበታል፣ ስለዚህም ይወደዳል አልሁ። ሦስት እንስራ ገዛሁ። ተወደደም። በየዓመቱ ፋሲካ ሲደርስ እንደሚወደደው ማለቴ ነው። በዚያ ዓመት ቅቤ የነበረው ሰው ሁሉ አተረፈ፤ አንዲት ጎረቤቴ እንኳ ጓዳዋ ረስታው የከረመውን ማሰሮ ሸጣ ነጠላ ገዛችበት። እሷን ማንም ሊቅ አላላትም። እኔን ግን አሉኝ፤ ምክንያቱም እሷ ዝም ስትል እኔ ከገበያው ዳር እስከ ዳር ባሕረ ሐሳብ ሳስተምር ከርሜያለሁ። «ሊቁ» የሚል ስም ወጣልኝ። ሲያሾፉብኝ ይሁን ሲያከብሩኝ አልመረመርሁም።

በትርፉ ብስክሌት ገዛሁ። የጎንደርን ዳገት የምታውቁ ትስቃላችሁ። ቁልቁል ሲሆን እሷ ትሸከመኛለች፤ ሽቅብ ሲሆን እኔ እሸከማታለሁ። ሽቅቡ ይበዛል። በእሷ ቁስቋም ወጥቼ ለየኔታ ስኳር ይዤ ሄድሁና ያስተማሩኝ ነገር እንዴት እንደጠቀመኝ አጫወትኋቸው። እሳቸው ስኳሩን አስቀመጡ።

«እኔ ያስተማርሁህ አንተ የምትጾምበትን ቀን እንድታውቅ ነበር። ሰው የሚገድፍበትን ቀን ቆመህ እንድትጠብቅ አይደለም።»

ቀንተውብኝ መሰለኝ። እግዜር ይይልኝ፣ እንደዚያ ነበር ያሰብሁ።

ሦስተኛው ዓመት መጣ። ፋሲካ እንደገና ዘግይቶ፣ ሚያዝያ መገባደጃ ላይ ነው የሚውለው። እጄን እያፋተግሁ ሳለሁ፣ የነነዌ ጾም በወጣ ሳምንት አያ ፈንቴ ሱቄ በር ላይ ቆሙ። አያ ፈንቴ የጠዳ ገበሬ ናቸው፤ የሟቹ አባቴ የማኅበር ጓደኛ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ዱላቸውን የሚያዩ ሰው።

አያ ፈንቴ ያላቸው አንድ በሬ ነው። አንድ በሬ ያለው ሰው ብቻውን አያርስም፤ ሌላ አንድ በሬ ካለው ጎረቤት ጋር በመቀናጆ ያጣምርና በተራ በተራ ያርሳሉ። የእሳቸው ቀናጆ ግን ተራ አያውቅም። መሬቱ ሲርስ የራሱን ያርሳል፤ ሲጨቀይ ወይም ሲደርቅ «የአንተ ተራ ነው» ይላቸዋል። ባለፈው ክረምት የአያ ፈንቴ ጤፍ ዘግይቶ ተዘርቶ ውርጭ በላው። ቤተሰቡ ዓመቱን እንዴት እንደገፋው አልነገሩኝም፤ ኩታቸው ነገረኝ። አሁን ጊደር ሸጠው፣ ማር ሸጠው ሁለተኛ በሬ ለመግዛት ገንዘብ ይዘዋል፤ ግን ትንሽ ጎደለ።

«ይቺን እጅህ ላይ ጥዬልህ፣ ትንሽ ብትፋፋልኝ ብዬ ነው» አሉኝ።

እኔማ ደስ ብሎኝ ወንበር አወጣሁላቸውና ቁጥሩን ላስረዳቸው ጀመርሁ። አበቅቴው ጋ ስደርስ መዳፋቸውን አነሡ።

«ተወው ልጄ። እኔ ቁጥሩን ብዬ አይደለም የመጣሁ። አንተ ቀንቶሃል። የቀናው ሰው እጅ ላይ ያለ ነገር ይበረክታል ብዬ ነው።»

ተናደድሁ። «አያ ፈንቴ፣ ይህ ዕውቀት ነው እንጂ ዕድል አይደለም!»

«ይሁና» አሉ፣ ዱላቸውን እያዩ። «ብቻ አይልቀቅህ።»

የለመኑኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ፋሲካ ስለዘገየ እርሻው ከበዓሉ ጋር ተያይዞ ይመጣል፤ እናም ገንዘቡ ለጸሎተ ሐሙስ እንዲደርስላቸው። እንኳን ለጸሎተ ሐሙስ አልኋቸው።

ከዚያ በኋላ ቅቤ ፍለጋ አይከል ድረስ ተመላለስሁ። መጋቢት ነው፤ አቧራው እንደ ዱቄት ይቦናል፣ ፀሐዩ ከድንጋይ እየነጠረ ዓይን ይወጋል። ቅቤውን በቅሎ ላይ ጭኜ፣ እኔ ብስክሌቴን እየገፋሁ ከኋላ ስከተል፣ የቀለጠው እየተንጠባጠበ በመንገዱ ላይ መስመር ያሰምራል። ያገሬው ሰው ቆሞ ያየናል። አንዱ ሽማግሌ «አያ ልጅ፣ የትኛችሁ ነው የተጫነው?» ብሎ ጠይቆኛል። ለካ ጥያቄው የዋዛ አልነበረም። ጾሙ ሳይገባደድ የራሴንም የአያ ፈንቴንም ገንዘብ ቅቤ አድርጌው ስምንት እንስራ ጓዳዬ ውስጥ ቆመ። አልጋዬን አወጣሁና ሱቁ ውስጥ ባንኮኒው ሥር እተኛ ነበር፤ እንደ ንጉሥ።

ሆሣዕና ዋለ። የዘንባባ ቀለበቴን ጣቴ ላይ እንዳደረግሁ ሰኞ ጠዋት ሱቄን ስከፍት፣ ከጎጃም አንድ ካሚዮን ሙሉ ቅቤ በአዘዞ በኩል ገባ። ማክሰኞ ሁለተኛው ተከተለ። ረቡዕ ቅቤ ከገዛሁበት በታች ወረደ። ቅቤ ሻጮቹ ለፋሲካ እንደዚህ ያለ ነገር አይተው እንደማያውቁ ሲያወሩ ሰማሁ። እኔን ያየ ሁሉ ግን «ሊቁ፣ አበቅቴው ምን ይላል?» ይለኛል። አሁን ማሾፋቸው መሆኑን ሳልመረምር አወቅሁ።

ጸሎተ ሐሙስ አያ ፈንቴ መጡ። ልብሳቸውን አሳጥበው ለብሰዋል። ጉልባን አቀረብሁላቸው፤ እሳቸው ግን ለመብላትም አልረጉም። ጠዳ አንድ በሬ ተገኝቷል። ዳለቻ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ገና በአራተኛ ዓመቱ ላይ፣ ቀንበር የለመደ። ባለቤቱ ልጁን ለመዳር ገንዘብ ስለቸኮለ ነው የሚሸጠው። ነገር ግን የከተማ ሰዎች ለፋሲካ ቅርጫ ሊያርዱት ከጅለዋል። ባለቤቱ ለአያ ፈንቴ ሲል እስከ ቅዳሜ ረፋድ ይጠብቃል፤ ከዚያ ካለፈ ለቅርጫው ይሰጣል።

«እንዲህ ያለ ሸጋ በሬ ቢላ ሲያርፍበት ማየት ኃጢአት ነው» አሉ። እጃቸውን እየዳሰሱ ነበር፤ የበሬውን ትከሻ ይመስል።

ገንዘቡ ቅዳሜ ጠዋት ዝግጁ ነው አልኋቸው። ትርፍ ስንት እንደሆነ አልጠየቁኝም። ብቻ ዓይኔን አዩኝና ጉልባኑን ሁለት ጊዜ ዘገን አድርገው ሄዱ።

ዓርብ ስቅለት ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከሰው ጋር ስሰግድ ዋልሁ። ሌላው ኃጢአቱን እያሰበ ይሰግዳል፤ እኔ ቅቤ እያሰብሁ እሰግዳለሁ። ጎንበስ ስል «ሽጠው» እላለሁ፤ ቀና ስል «አቆየው»። ባቆየው እንደሚወደድ እርግጠኛ ነበርሁ። ከፋሲካ በኋላ ኀምሳ ቀን ጾም የለም፤ ሠርጉም በዚያ ነው። ሦስት ሳምንት ብቻ ቢሰጠኝ! በሬው ግን ሦስት ሳምንት አልነበረውም። አጠገቤ የሚሰግዱት ሽማግሌ ላቤን አይተው «ጎሽ፣ እንዲህ ነው ስግደት» አሉኝ።

ቅዳሜ ማለዳ እትዬ ዘርፌ ጋ ሄድሁ። እትዬ ዘርፌ የቅቤ ሻጮቹ አንጋፋ ናቸው። እያንዳንዱን እንስራ አስከፍተው በጥፍራቸው ጫር ያደርጋሉ፣ ያሸታሉ፣ ጣታቸውን በኮባው ይጠርጋሉ። ስምንቱንም እንደዚያ አደረጉና ዋጋ ነገሩኝ። ያንገበግባል።

«ከበዓሉ በኋላ ይጨምር ይሆን?» አልኋቸው።

«ሊጨምር ይችላል። ሊቀንስም ይችላል። እኔ አላውቅም።»

«ምነው እትዬ? ሠላሳ ዓመት ቅቤ ሸጠው አላውቅም ይላሉ?»

«ሠላሳ ዓመት ስለሸጥሁ ነዋ አላውቅም የምል» አሉ፣ የመጨረሻውን እንስራ እየከደኑ።

ሸጥሁላቸው። ያገኘሁት የአያ ፈንቴን የራሳቸውን ገንዘብ እንኳ አይሞላም፤ የበሬው ዋጋማ ሩቅ ነው። ብስክሌቴን ብዙ ጊዜ ሲያያት የነበረ አንድ ጸሐፊ ነበረ። ቤቱ ሄድሁ። ለማታ የሚያርደውን በግ አስሮ ቢላ ሲስል አገኘሁት፤ ቢላውን አስቀምጦ ገዛት። ቁልቁል ነድቷት ሲሞክር ደወሏን እያቃጨለ ነበር። ያን ድምፅ ስሰማ ትንሽ ቆጨኝ።

አያ ፈንቴ ሲመጡ የበሬውን ዋጋ ሙሉውን እጃቸው ላይ አስቀመጥሁና ትርፉ ነው አልኋቸው። ለደግነት ብዬ እንደ ነበር ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። ደግነትም ነበረበት፤ ግማሹ ግን «ሊቁ ከሰረ» እንዳይባል ነው። ይዘው ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆም ብለው ግራ ቀኝ አዩ።

«ያቺ ተሽከርካሪህስ?»

«ጎማዋ ተንፍሶ፣ ላሠራት ሰጥቻለሁ።»

«ይሁና» አሉና በጠዳ መንገድ እየተጣደፉ ወረዱ። ረፋዱ ሳያልፍ ለመድረስ ሲሮጡ፣ ያ ረጅም ሰውነታቸው እስኪሰወርብኝ ድረስ ቆሜ አየሁ።

ከፋሲካ ወዲያ በሦስተኛው ሳምንት ሠርጉ ከሠርግ ተደራረበና ቅቤ ሰማይ ነካ። እትዬ ዘርፌ የእኔን ስምንት እንስራ በእጥፍ ሸጡት። ገበያው አሁን እሳቸውን ሊቅ ማለት ጀመረ። እሳቸው ግን «ማስቀመጫ ቦታ ስለነበረኝ ነው ያስቀመጥሁት» እያሉ ጠያቂውን ሁሉ ይመልሱ ነበር። እኔን መብላትም መተኛትም አቃተኝ። አያችሁ፣ ልክ ነበርሁ እኮ! ልክ ሆኜ ነው የከሰርሁት።

በግንቦት ዝናብ ጣል ጣል ሲያደርግ በእግሬ ጠዳ ወረድሁ። አፈሩ ገና ተገልብጦ ይሸታል። አያ ፈንቴ ዳለቻውን ከፊተኛው በሬያቸው ጋር ጠምደው ያርሳሉ፤ ቀናጆ የለ፣ ተራ የለ፣ የራሳቸው ጥንድ። ጅራፋቸውን ሳያጮሁ በሬውን በስሙ ይጠሩታል። ያገራችን ገበሬ ለበሬው ስም ሲያወጣ የልቡን ያወጣበታል፤ ስለዚህ ጆሮዬን ጣልሁ።

«ና፣ ማን ያውቃል! ተመለስ፣ ማን ያውቃል!»

ትልሙ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ለምን እንዲህ አሉት ብዬ ጠየቅኋቸው። ሞፈሩን ተደግፈው ላባቸውን ጠረጉ።

«ቅቤ መርከሱ እኮ ጠዳ ድረስ ተሰምቶ ነበር። አንተ ግን አተረፍሁ አልኸኝ። በዕድልህ ነው እንዳልል፣ ዕድሉ ለቆሃል። በዕውቀትህ ነው እንዳልል፣ እሱም አልሆነልህም። በሬው ይኸው መጣ። ታዲያ ምን ልበለው?»

  ዕርፉን ያዙና ወደ ትልማቸው ተመለሱ። ያን ቀን የተነጠረ ቅቤ የገባበት ገንፎ አበሉኝ፤ በሕይወቴ ከበላሁት ሁሉ የሚጣፍጥ ነበር። በስንት እንደገዙት አልጠየቅሁም።

ለቢንያም እሑድ ዕለት እስከዚህ ድረስ ነገርሁት። በደንብ ሰማኝ፣ ሳቀም። ከዚያ «አባባ፣ የአንተ ስሌት ልክ ነበር፤ ካሚዮኑ መምጣቱ መጥፎ ዕድል ነው» አለኝ። ደስ አለኝ፤ ምን እዋሻለሁ።

ትናንት ደወለልኝ። መስመሩ ቀይ ሆኖ ወርዷል አለ። ምን ሆኖ ነው ስለው «ገበያው ነው» አለኝ። ሲወጣ እሱ ነው፤ ሲወርድ ገበያው። የእኅትህ ባል ገንዘቡን ሰጠህ ወይ ስለው «ነገ ሊሰጠኝ ነው፤ አሁን እኮ ረክሷል» አለኝ። ልስቅበት አፌን ከፈትሁና ተውሁት። ስልኩን ዘጋሁ። ስድሳ ዓመት ይህን ታሪክ ሳወራ ካሚዮኑን ሁልጊዜ ከሰማይ እንደ ወረደ አድርጌ ነው የማመጣው። ለሚስቴም፣ ለልጆቼም እንደዚያ ነው የነገርኋቸው። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ለማንም ነግሬው አላውቅም።

ከሆሣዕና አሥር ቀን በፊት፣ ከአይከል ስመለስ አዘዞ ሻይ ቤት ገብቼ ነበር። አንድ የካሚዮን ሾፌር አጠገቤ ተቀምጦ፣ ባሕር ዳር አንድ ነጋዴ ለፋሲካ ወደ ጎንደር የሚልከው ብዙ ቅቤ እያሰባሰበ መሆኑን ነገረኝ። ያልተሸጠ ቅቤ ካለኝ ቶሎ ብሸጠው እንደሚሻልም መከረኝ። ሰውየው ምንም ጥቅም የለውም፤ ቅን ሆኖ ነው። እኔ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ጣቴን በፈሰሰ ሻይ እየነከርሁ ወንበሩን፣ አበቅቴውን፣ መጥቅዑን ጠረጴዛው ላይ ጻፍሁለትና ዘንድሮ ቅቤ ሊረክስ እንደማይችል አስረዳሁት። በትዕግሥት እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ ሻዩን ጨልጦ፣ ቁልፉን አንሥቶ ቆመ።

«እሺ ይሁን» አለኝ። «ብቻ ቅቤውን የምጭነው እኔ ነኝ።»

ለቢንያም አሁኑኑ መልሼ መደወል አለብኝ።